የባይኮል ጉዳይ፦ ሲፒኬ ያሳየውና ሳያሳይ የቀረው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2001፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የጀርመኑ መድኃኒት አምራች ባየር ሰሪቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ከገበያ አነሳ። መድኃኒቱ በአሜሪካ ባይኮል፣ በአውሮፓ ሊፖባይ እየተባለ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ በዚያ ዕለት በእጁ የነበረው ሪፖርት በአገሪቱ ውስጥ 31 ሰዎች በጡንቻ መፍረስ መሞታቸውን ያሳያል። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ ጀምፋይብሮዚል የሚባለውን ሌላ የደም ስብ መድኃኒት አብረው ይወስዱ ነበር። በዓለም ዙሪያ በወቅቱ የተቆጠረው ሞት 52 ሲሆን ቁጥሩ ኋላ ላይ ወደ መቶ ተጠግቷል።

የእነዚህ ታማሚዎች ምርመራ የሚገናኘው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ሲፒኬ። ሙሉ ስሙ ክሬቲን ፎስፎካይኔዝ ሲሆን አንዳንዱ ላቦራቶሪ ሲኬ ብሎ ያሳጥረዋል። ጤነኛ አዋቂ ላይ በሊትር ከጥቂት መቶ ዩኒት የማይዘለው ይህ ኢንዛይም፣ ጡንቻው የፈረሰ ሰው ላይ አሥር ሺዎችን አልፎ ይገኛል። ስለ ባይኮል ሲወራ ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሲፒኬ በየጊዜው ቢለካላቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር» የሚል ነው። ይህ አይመስለንም። ሲፒኬ የፈሰሰውን ይቆጥራል፤ ሊፈስ ያለውን አይናገርም። ሰዎቹን ማትረፍ የሚቻለው መድኃኒቱ ሲታዘዝ ነበር፤ መጠኑንና አብሮት የሚዋጠውን በማየት። ለምን እንዲህ እንደምንል ለማሳየት ከኢንዛይሙ መጀመር ያስፈልጋል።

ኢንዛይሙ ጡንቻ ውስጥ ምን ይሠራል

ፎስፎካይኔዞች የፎስፌት ቡድን አመላላሾች ናቸው። አብዛኞቹ ፎስፌቱን ከኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋሱ ኃይል ከሚያገኝበት ሞለኪውል፣ ወስደው ሌላ ሞለኪውል ላይ ያስቀምጣሉ። ሄክሶካይኔዝ ግሉኮስ ላይ፣ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ ፍሩክቶስ 6-ፎስፌት ላይ ያደርገዋል። ፓይሩቬት ካይኔዝ ደግሞ በተቃራኒው በስኳር ስብራት መጨረሻ ላይ ፎስፌቱን ለኤዲፒ (አንድ ፎስፌት ለጎደለው ኤቲፒ) ሰጥቶ ኤቲፒ ያወጣል። ሁሉም ያለ ማግኒዚየም አይሠሩም።

ክሬቲን ፎስፎካይኔዝ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ጡንቻ ውስጥ ያለው ኤቲፒ ድንገተኛ ከባድ ሥራ ሲመጣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው የሚበቃው። ከእሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፎስፎክሬቲን ግን ተቀምጧል፤ ኢንዛይሙ ፎስፌቱን ከፎስፎክሬቲን አንስቶ ለኤዲፒ ይሰጥና ኤቲፒውን ይተካል። ሰውየው ሲያርፍ ሚቶኮንድሪያ ያመረተው ኤቲፒ በዚያው ኢንዛይም አማካይነት ፎስፎክሬቲኑን መልሶ ይሞላል። ጡንቻ ይህን ሥራ በየሰከንዱ ስለሚፈልገው ኢንዛይሙን በገፍ ያከማቻል። ደም ውስጥ ግን ሥራ የለውም። እዚያ የምናገኘው የሕዋሱ ሽፋን ሲሳሳ ወይም ሲቀደድ ያመለጠውን ብቻ ነው። (ክሬቲንን ከክሬቲኒን አያምታቱ፤ ሁለተኛው የኩላሊትን ሁኔታ የምናይበት ነው።)

ኢንዛይሙ ከሁለት ንዑስ ክፍሎች ይገጣጠማል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 43 ሺህ ዳልተን ይመዝናሉ፤ ኤም እና ቢ ይባላሉ። የአጥንት ጡንቻ በአብዛኛው ኤምኤም፣ አንጎል ቢቢ፣ የልብ ጡንቻ ደግሞ ከኤምኤም ጋር ጉልህ ድርሻ ያለው ኤምቢ ይዟል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአጥንት ጡንቻም ጥቂት ኤምቢ አለው፤ ስለዚህ ጠቅላላው ሲፒኬ 60,000 በደረሰ ታማሚ ላይ ኤምቢም «ከፍተኛ» ተብሎ ይወጣል። ይህን ብቻ አይቶ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ብሎ መደምደምና የደም መርጋት መከላከያ መጀመር በተግባር የሚታይ ስህተት ነው። የሚለየው ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚገባ ፕሮቲን) እና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ነው።

ቁጥሩ ከላቦራቶሪ እንዴት ይወጣል

የሲፒኬ ምርመራ የኢንዛይሙን ብዛት ሳይሆን የሥራውን ፍጥነት ነው የሚለካው፤ የሚለካውም ሌላ ፎስፎካይኔዝ አስቀጥሮ ነው። ለሴረሙ (ሕዋሳቱ ለተለዩለት የደሙ ፈሳሽ) ፎስፎክሬቲንና ኤዲፒ ይቀርብለታል። ሲፒኬ ካለ ኤቲፒ ይወጣል። ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ሄክሶካይኔዝ በዚያ ኤቲፒ ግሉኮስን ወደ ግሉኮስ 6-ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ሦስተኛው ኢንዛይም፣ ግሉኮስ 6-ፎስፌት ዲሃይድሮጅኔዝ፣ ይህንን ሲያቃጥል ኤንኤዲፒኤች ይፈጠራል። ማሽኑ የሚያነበው የመጨረሻውን ነው፤ በ340 ናኖሜትር ብርሃን፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ። አንድ ኤቲፒ አንድ ኤንኤዲፒኤች ስለሚያወጣ፣ ብርሃኑ በደቂቃ የሚዋጥበት ፍጥነት በቀጥታ ወደ ዩኒት ይተረጎማል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጀምር፣ ፓይሩቬት ካይኔዝን የሚጠቀም ዘዴም ነበር፤ ቀርፋፋ በመሆኑ ቀርቷል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች በጣም የታወቁ ናቸው። ኢንዛይሙ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ይደክማል፤ ስለዚህ ሪኤጀንቱ ውስጥ ኤን-አሴቲልሲስቴይን ተጨምሮ ይነቃቃል። ቀይ የደም ሕዋስ ሲፒኬ የለውም፤ አደኒሌት ካይኔዝ የተባለ ሌላ ፎስፎካይኔዝ ግን ሞልቶታል። ይህ ኢንዛይም ከሁለት ኤዲፒ አንድ ኤቲፒ ስለሚሠራ፣ ናሙናው በጥድፊያ ሲቀዳ ሄሞላይዝ ካደረገ (ቀይ ሕዋሱ ከፈነዳ) ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወጣል። ሪኤጀንቱ ኤኤምፒና ዲያደኖሲን ፔንታፎስፌት የሚጨመርበት ይህን ለማፈን ነው። ማፈኑ ግን ወሰን አለው፤ በደንብ የቀላ ሴረም መመለስ አለበት።

በባይኮል ዓይነት ታማሚ ላይ ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ሲፒኬ በጣም ሲበዛ ማሽኑ ማንበብ ሳይጀምር ሪኤጀንቱን ጨርሶ ያቃጥለዋል፤ ከዚያ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ዘመናዊ ማሽን «ከወሰን በላይ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ አሮጌው ወይም በትክክል ያልተስተካከለው ግን ዝቅተኛ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። መፍትሔው ማቅጠን ነው። ከሴረሙ 20 ማይክሮሊትር ወስዶ በ980 ማይክሮሊትር ኖርማል ሳላይን ማቅጠን 50 እጥፍ ይሆናል፤ ማሽኑ 900 ካነበበ ትክክለኛው 45,000 ነው። ሴረም ውስጥ ኢንዛይሙን በከፊል የሚያፍኑ ነገሮች ስላሉ፣ ሲቀጥን እነሱም ስለሚቀጥኑ፣ ውጤቱ ከሚጠበቀው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ታማሚ ተከታታይ ናሙናዎች በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ማቅጠኛ ይሻላል፤ አለበለዚያ ከቀን ቀን መውረዱንና መውጣቱን ማወዳደር አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ የሚፈልገው ትክክለኛውን አሃዝ ሳይሆን አቅጣጫውን ነው።

መደበኛው ወሰንም ራሱ ያወዛግባል። በሪኤጀንት ሣጥን ላይ የሚጻፈው ወሰን ለወንድ ወደ 200፣ ለሴት ወደ 170 ገደማ ነው። በኔዘርላንድስ የተሠራ ጥናት ግን ጤነኛ ጥቁር ወንዶች ላይ የላይኛው ወሰን 801፣ ጥቁር ሴቶች ላይ 414 ሲሆን፣ ጥቁር ያልሆኑ ወንዶች ላይ 336፣ ሴቶች ላይ 217 መሆኑን አሳይቷል። የአውሮፓ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን እነዚህን በ1.5 አባዝቶ ነው ምልክት ለሌለው ሰው «ከፍ ብሏል» የሚለው። ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ያለ ጤነኛ ወጣት 450 ወጥቶለት ከስታቲን (ሰሪቫስታቲን ከሚመደብበት የኮሌስትሮል መድኃኒት ቤተሰብ) ቢታገድ፣ ምናልባት የታገደው በሣጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። ጂም የገባ፣ ሸክም የተሸከመ፣ በጡንቻ መርፌ የተወጋ ሰውም ለቀናት ከፍ ይላል። ሳናስበው የምናልፈው ሌላው የታይሮይድ እጥረት ነው፤ ሲፒኬን በራሱ ያወጣል፣ ስታቲን ሲጨመርበት ደግሞ ጡንቻውን ለጉዳት ያጋልጣል።

ክኒኑ ጡንቻውን እንዴት አፈረሰ

ስታቲኖች ጉበት ውስጥ ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ። የሚገርመው፣ ሰውነት ራሱ ይህን ኢንዛይም የሚያጠፋው በካይኔዝ ነው፤ ኤቲፒ ሲያልቅበት ኤኤምፒኬ የተባለው ካይኔዝ ፎስፌት ለጥፎበት ሥራውን ያስቆመዋል፤ ኮሌስትሮል መሥራት ኃይል ስለሚበላ። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መድኃኒቱ ኤቲፒ ስለ መኖሩ አይጠይቅም። እገዳው የሚነካው ኮሌስትሮልን ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር ባልነበረ። በዚያው መስመር ላይ ሜቫሎኔት ይመረታል፤ ከሜቫሎኔት የሚወጡት ቅባታማ ጭራዎች የሕዋሱን ትንንሽ አዛዥ ፕሮቲኖች ሽፋኑ ላይ ያያይዛሉ፤ ኮኤንዛይም ኪው10ም ከዚያው መስመር ነው። መድኃኒቱ ጉበት ውስጥ ቢቀር ጡንቻ አይጎዳም። ጡንቻ የሚጎዳው መድኃኒቱ ከጉበት አልፎ ደም ውስጥ ሲበዛ ነው። ጠቅላላው ጉዳይ እዚህ ላይ ያርፋል።

ሰሪቫስታቲን ከአፍ ተወስዶ 60 በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ይደርሳል፤ ሌላው ስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ከ5 በመቶ በታች ነው የሚደርሰው። እጅግ ጠንካራ በመሆኑም የሚሰጠው ከአንድ ሚሊግራም በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ሲፈቀድ 0.2 እና 0.3 ሚሊግራም ነበር። በዚያው ዓመት ገበያ የገባው አቶርቫስታቲን ኮሌስትሮልን በብዙ በልጦ ስለሚያወርድ፣ የ0.3 ሚሊግራሙ ክኒን ወደ ኋላ ቀረ። በ1999 የ0.4፣ በጁላይ 2000 ደግሞ የ0.8 ሚሊግራም ክኒን ተፈቀደ። መጀመር ያለበት በ0.4 እንደሆነ ቢጻፍም በ0.8 የተጀመረላቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት አለ፤ ለማንኛውም ስታቲን የሚሠራ። መጠኑን በእጥፍ መጨመር መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚያወርደው በተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን ቢያንስ በእጥፍ ይወጣል። ጥቅሙ በትንሹ፣ ጉዳቱ ግን በሙሉ ነው የሚጨምረው። ከ0.4 ወደ 0.8 የተኬደው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛው እሳት ጀምፋይብሮዚል ነበር። ትሪግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ከፍ ያለበት የስኳር ታማሚ ስታቲንና ፋይብሬት (ጀምፋይብሮዚል የሚመደብበት የመድኃኒት ቤተሰብ) አብሮ እንዲታዘዝለት አሳማኝ ምክንያት አለ፤ ስለዚህ ጥምረቱ ብርቅ አልነበረም። ሰሪቫስታቲን በሁለት የጉበት ኢንዛይሞች፣ በሲዋይፒ2ሲ8 እና በሲዋይፒ3ኤ4፣ ስለሚወገድ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያስተርፋል ተብሎ እንደ ደኅንነቱ ማስረጃ ይቀርብ ነበር። ጀምፋይብሮዚል ግን በሁለት በኩል ገባ። ጉበት ውስጥ የሚለወጥበት ቅርጽ፣ ግሉኩሮናይዱ፣ ሲዋይፒ2ሲ8ን የማይመለስ አድርጎ ያበላሸዋል። ከዚህ በተጨማሪ ስታቲኑን ከደም ወደ ጉበት የሚያስገባውን በር፣ ኦኤቲፒ1ቢ1 የተባለውን አጓጓዥ፣ ያጠባል። መውጫውም መግቢያውም ሲዘጋ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቀራል።

የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን በአሥር ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ለኩት። ጀምፋይብሮዚል 600 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀናት ከተሰጠ በኋላ 0.3 ሚሊግራም ሰሪቫስታቲን ቢሰጥ፣ ደም ውስጥ ያለው አጠቃላይ መጋለጥ በአማካይ 5.6 እጥፍ ሆነ፤ አንዱ ሰው ላይ እስከ አሥር እጥፍ ደርሷል። አሁን 0.8ን በ5.6 እናባዛ፤ ወደ 4.5 ሚሊግራም ይመጣል። ማንም ሐኪም 4.5 ሚሊግራም ሰሪቫስታቲን አይጽፍም፤ ሁለት ማዘዣ ግን ያንን ጻፈ።

ምልክቱ እንዴት ታየ፣ ለምን ዘገየ

ከጀምፋይብሮዚል ጋር እንዳይሰጥ የሚል ክልከላ በአሜሪካ መግለጫ ላይ የገባው በ1999 መጨረሻ ነው። ሐኪሞችም ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ጥምረቱ መታዘዙን ቀጠለ። ከዚህ የምንወስደው አስተያየት ቀዝቃዛ ነው፤ በራሪ ወረቀት ላይ ያለ ክልከላ ፋርማሲ ውስጥ ሁለቱን ማዘዣ የሚያገናኝ ሰው ከሌለ አያድንም።

የኤፍዲኤ ባለሙያዎች በኋላ ያወጡት ስሌት ግልጽ ነው። ለሞት ያበቃ ራብዶማዮላይሲስ (የጡንቻ መፍረስ) በአንድ ሚሊዮን ማዘዣ ሲሰላ፣ ሰሪቫስታቲን ላይ 3.16፣ ሲምቫስታቲን ላይ 0.12፣ አቶርቫስታቲን ላይ 0.04 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢንሹራንስ ፋይሎች የወጣው ጥናት ደግሞ ከ252 ሺህ በላይ ታማሚዎችን አየ። በአቶርቫስታቲን፣ ፕራቫስታቲንና ሲምቫስታቲን ብቻቸውን ሆስፒታል ያስገባ ጉዳት ከ10,000 ሰው በዓመት 0.44 ሲሆን፣ በሰሪቫስታቲን ብቻውን 5.34 ነበር። ሰሪቫስታቲን ከፋይብሬት ጋር ሲሰጥ 1,035 ሆነ። ማለትም በዓመት ከአሥር ሰው አንዱ።

ከገበያው መውጣት በኋላ የጃፓኑ ሽያጭ ለሳምንታት ቀጥሎ ነበር፤ ጀምፋይብሮዚል እዚያ ስለማይሸጥ። እሱም ቆመ። ባየር ለተጎጂዎች ካሳ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል።

በየወሩ መለካት ለምን አይሠራም

ሲፒኬ ከጉዳቱ በኋላ ከ2 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መውጣት ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ጉዳቱ ካቆመ በየቀኑ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይወርዳል። ከባዱ ራብዶማዮላይሲስ በቀናት ውስጥ ነው የሚፈነዳው፤ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ቀጠሮ መካከል ሰውየው ታሞ ሞቶ ሊያድር ይችላል። አሁን ደግሞ ከላይ ያለውን 0.44 እንውሰድ። አሥር ሺህ ሰው በየወሩ ቢለካ በዓመት 120,000 ምርመራ ነው፤ በአማካይ የሚገኘው ከግማሽ ሰው ያነሰ ነው፣ እሱም ምናልባት በምርመራዎቹ መሃል ያመለጠው። በምትኩ በርካታ ጤነኞች ትናንት ስለሮጡ ብቻ መድኃኒታቸው ይቋረጣል፤ ከዚያ በልብ ሕመም የሚሞቱት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

የሚጠቅመው መለካት ሁለት ነው። አንዱ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ላይ፦ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ታይሮይዱ ያነሰ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ፤ ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ኋላ ላይ የሚያነጻጽሩበት ቁጥር እንዲኖር። ከመድኃኒቱ በፊት 900 የነበረ ሰው ኋላ 1,000 ሲሆን ወንጀለኛው ስታቲኑ አይደለም፤ በተወለደበት ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የጎደለው፣ በጃፓናዊው ሐኪም ታሩዪ ስም የሚጠራው በሽታ ያለበትም ሊሆን ይችላል። ሌላው ምልክት ሲኖር ወዲያው፦ ሁለቱም ጭን ወይም ትከሻ የሚያመው፣ ከመቀመጫ መነሳት ያቃተው፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ።

ሰውየው ክፍል ከገባ

የሽንት ስትሪፕ «ደም» ብሎ በማይክሮስኮፕ ቀይ ሕዋስ ካልታየ ማዮግሎቢን (ከተጎዳ ጡንቻ የሚወጣ ፕሮቲን) ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። ማዮግሎቢን ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ፣ ስትሪፑ ንጹሕ መሆኑ ምንም አያስተባብልም። የጉበት ምርመራ ተብለው የሚታወቁት ኤኤስቲና ኤኤልቲም አብረው ይወጣሉ፤ ጡንቻ ውስጥም ስላሉ። ሲፒኬ ያልተጠየቀለት ታማሚ «ሄፓታይተስ» ተብሎ ተኝቶ የሚገኘው በዚህ ነው። ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች፣ ጋማ-ጂቲና ቢሊሩቢን፣ ሰላም ከሆኑ ወደ ጡንቻው መዞር ይገባል።

ስታቲኑና ፋይብሬቱ ወዲያውኑ ይቆማሉ። ሲፒኬው ከ5,000 በላይ ከሆነ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ነው፤ ፖታሲየም የሌለበት ኖርማል ሳላይን በሰዓት ወደ 400 ሚሊ ሊትር ይጀመራል፣ እንደ ሰውየው ሁኔታ ከ200 እስከ 1,000። ዒላማው በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሽንት ነው፤ ካቴተር ሳይገባ ይህ አይታወቅም። በደንብ ተሞልቶም ሽንት ካልመጣ መጨመር ሳንባ መሙላት ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ለኩላሊት እጥበት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እጥበቱ በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ያለ ሐኪም ፈሳሹን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካላጣደፈ ኋላ የሚያደርገው ጥቂት ነው።

ገዳዩ ፖታሲየም ነው፤ ኢሲጂ ከላቦራቶሪው ቀድሞ ይመጣል። ለውጥ ከታየ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር ቀስ ብሎ በደም ሥር፣ ከዚያ 10 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር፤ በ40 በመቶው ከሆነ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ። ግሉኮስን በየሰዓቱ መለካት አይዘነጋ። ካልሲየም ዝቅ ብሎ ቢወጣም ምልክት ወይም የፖታሲየም ችግር ከሌለ አይሰጥም፤ ጡንቻ ውስጥ ተይዞ የነበረው በማገገሚያ ሳምንት ተመልሶ ስለሚወጣ ሰውየው በተቃራኒው ይጎዳል። ሲፒኬው በየ12 ሰዓቱ ይታያል። 80,000 የነበረው በማግስቱ 45,000፣ በሦስተኛው ቀን 25,000 ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው። ካልወረደ ወይ አንድ መድኃኒት አልቆመም፣ ወይ የእግር ጡንቻ ውስጥ ግፊት ታምቋል። ፈሳሹ የሚቀነሰው ከ5,000 በታች ወርዶ መውረዱን ሲቀጥል ነው።

ማዘዣው ላይ ዛሬ የሚታየው

ሰሪቫስታቲን የለም፤ ስሌቱ ግን አለ። ስታቲንና ፋይብሬት የግድ ከሆነ ጀምፋይብሮዚልን ትቶ ፌኖፋይብሬት ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤፍዲኤ 80 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ለአዲስ ታማሚ እንዳይጀመር ወሰነ፤ በዚያው ጊዜ ከአምሎዲፒን ጋር ከሆነ ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ አለ። ደም ግፊትም ኮሌስትሮልም ላለው ሰው ይህ ጥምረት በጣም የተለመደ ስለሆነ የ20 ወሰኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ክላሪትሮማይሲን ለአንድ ሳምንት የታዘዘለት ሰው ሲምቫስታቲኑን ለዚያ ሳምንት ያቆማል፤ አዚትሮማይሲን ይህን ችግር ብዙም አያመጣም። በሪቶናቪር የተደገፈ የኤችአይቪ ሁለተኛ መስመር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ጨርሶ አይሰጠውም፤ አቶርቫስታቲን በትንሹ ተጀምሮ ሊሞከር ይችላል።

በ2008 የታተመው የጂን ጥናት ደግሞ ወደ ጉበቱ በር መለሰን። ያንኑ አጓጓዥ የሚሠራው ኤስኤልሲኦ1ቢ1 ጂን ላይ አንድ የተለወጠ ቅጂ ያለው ሰው በ80 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ጡንቻው የመጎዳት ዕድሉ 4.5 እጥፍ፣ ሁለት ቅጂ ያለው ወደ 17 እጥፍ ነው። ጀምፋይብሮዚል ያጠበበውን በር ተፈጥሮ ለእነዚህ ሰዎች አጥብባዋለች።

መድኃኒቱ ከቆመ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላም ሲፒኬው በሺዎች ላይ የሚቆይ፣ ድካሙም የማይለቀው ታማሚ የተለየ ነው። ሰውነቱ ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝን እንደ ጠላት ቆጥሮ ጸረ-አካል ሠርቶበታል፤ መጠበቅ አያድነውም፣ የበሽታ መከላከያን የሚያለዝብ ሕክምና ይፈልጋል፣ ስታቲንም ዳግመኛ አይሰጠውም። ጸረ-አካሉን የሚለካ ላቦራቶሪ ቅርብ ካልሆነ ሴረሙን አቀዝቅዞ ወደሚሠራበት መላክ ይቻላል፤ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት መቀዳት አለበት።